ጭራው የተቆረጠው ዱባ

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 24

ዱባዎቹን ዛሬ ከጓሮ ሰብስቤ ጨረስኩ። ሠላሳ አንድ። ቅሎቹንማ ማን ይቆጥራቸዋል? ጎባጣው፣ ዝንጉርጉሩ፣ ፊቱ እንደኔ ኪንታሮት በኪንታሮት የሆነው... አንዱ ቅል አንገቱ እንደ ዝይ ተቆልምሟል። አንዱ ዱባ ደግሞ ጉድ የሚያሰኝ ግዙፍ ነው። አቅፌው ልነሳ ስል ወገቤ "ሆሬስ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመትህ እኮ ነው" አለኝ። አልሰማሁትም።

ሚስቴን ሎርናን "በረንዳውን በዱባ ማስጌጥ መቼ እንጀምር?" አልኳት።

"ዘንድሮ ይቅር።"

ይቅር? በዚህ ቤት ሃምሳ ሁለት መኸር አሳልፈናል፤ አንድም ዓመት ይቅር ብላ አታውቅም። ቅጠሉ ሲቀላ ለማየት ከቦስተን የሚመጡት ሰዎች መኪና የሚያቆሙት የኔን ሚስት በረንዳ ፎቶ ሊያነሱ ነው። ጁን ላይ ስትሮክ ቀኝ እጇን ከያዛት ወዲህ ግን በፊት ለፊቱ በር ወጥታ አታውቅም። ሰው እንዲያያት አትፈልግም። እጇ እንዲጠነክር እንድትጨምቀው የተሰጣት የላስቲክ ኳስ መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሷል።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 27

ዘዴ መጣልኝ። ተንኮል ብለው ይሻላል። በረንዳውን ራሴ እሠራዋለሁ... አበላሽቼ! ሎርና የተጣመመ ነገር አይታ አርፋ መቀመጥ አትችልም። በሠርጋችን ቀን እንኳ ቄሱ ቃል እያስገባት ከረባቴን ታቃና ነበር። እስቲ ትቻል።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

ተሠራ። የበቆሎ አገዳውን ከምሰሶዎቹ ጋር አሰርኩት፣ ሥሩን ወደ ሰማይ አድርጌ። ትልልቆቹን ዱባዎች ላይኛው ደረጃ ላይ ቆለልኩ፤ ሰው ማለፊያ የለውም። ቅሎቹን እንደ ወታደር በአንድ መስመር አሰለፍኩ።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ዊኒፍሬድ ወጥታ አየችኝ። "ምነው ሆሬስ፣ የጭነት መኪና ተገለበጠብህ?"

"ጥበብ ነው። አንቺ አይገባሽም።"

"ጥበብ? የኔ ፍየል ከዚህ የተሻለ ትሠራለች!"

ኮራሁ። ማበላሸትም ሙያ ይጠይቃል።

ሎርና በመስኮት ረጅም ሰዓት አየች። አንገቷን አዘንብላ አገዳውን ቃኘች። መጣች ስል... መጋረጃውን ዘጋችው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

የልጅ ልጄ ዴላ ደወለች። ዊኒፍሬድ ፎቶ ልካላታለች። "አያቴ፣ ደህና ነህ? ሐኪም ላምጣልህ?" የልጅ አፍ!

እራት ላይ ሎርና ማንኪያዋን በግራ እጇ አስቀመጠችና አየችኝ።

"ሆን ብለህ ነው።"

"ምኑን?"

"ዕድሜ ልክህን በቆሎ ስትዘራ የኖርክ ሰውዬ አገዳ በየት በኩል እንደሚቆም ጠፋህ? አልወጣም፣ ሆሬስ። ሾርባህ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።"

ጠጣሁ። ምን አደርጋለሁ? ይቺን ሴት መቼ ነው ማሸነፍ የምችለው... እሷን ማሸነፍ ተስኖኝ ነው ያረጀሁት። ነገ ሁሉንም አነሳዋለሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 3

ወገቤ ስላመመኝ አጭር ልጽፍ ነበር። አልችልም።

ጠዋት ማንሳት ጀመርኩ። ያ ግዙፉ ዱባ ጭራው ወፍራም ነው፣ እጀታ ይመስላል። ሳላስበው በእሱ ያዝኩት። ቀጭ! ዱባው ደረጃው ላይ ያነጠፍኩት ጭድ ላይ ዱብ፣ ጭራው እጄ ላይ ቀረ። ይሄኛው ተንኮል አልነበረም።

"በጭራው አይያዝም! ሃምሳ ሁለት ዓመት ስነግርህ! በጭራው አይያዝም!"

ዞር አልኩ። ሎርና በረንዳው ላይ ቆማለች። በቤት ጫማ። ከዘራዋን እንኳ ረስታዋለች። ዊኒፍሬድ ከማዶ አፏን ከፍታ ታያለች፣ የፖስታ መኪናው ያልፋል... ሎርና አንዱንም አላየች። የምታየው ዱባውን ብቻ ነው።

አንድ ቃል ብናገር ተመልሳ የምትገባ መሰለኝ።

"ምን ይገትርሃል? ወንበር አምጣልኝ። ከዚያ ያንን አገዳ ገልብጠው፤ አስቀያሚ!"

ስድብ እንዲህ ይጣፍጣል?

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

አለቀ። ዘጠኝ ቀን አዘዘችኝ። "ወደ ግራ። በጣም ሄደ። ግራህ የት እንደሆነ ታውቃለህ?" ትልልቆቹ ታች፣ እያነሱ ወደ ላይ፤ ቅሎቹ በየመሃሉ ፍስስ ብለው፣ ማንም ያልነካቸው እስኪመስሉ።

ጭራ የሌለውን ዱባ "ይሄስ ይጣል" አልኳት።

"ማንም አይጣልም።"

ያን ባለ ዝይ አንገት ቅል አነሳች። በቀኝ እጇ። የዱባው ጭራ ከተነቀለበት ጎድጓዳ ቦታ ላይ ልታቆመው ሞከረች፤ ጣቶቿ ተንቀጠቀጡ፣ ወደቀ። ደግማ ሞከረች። ወደቀ። እጄ ሊሄድ ሲል ወደ ኪሴ ከተትኩትና የማላውቀው ይመስል ቅጠሉ የቀላውን የሜፕል ዛፍ አየሁ። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ዱባው ኮፍያ እንዳደረገ ሽማግሌ ጎረረ።

ከቀትር በኋላ አራት መኪና ቆመ። አንዲት ሴት መስኮቷን ዝቅ አድርጋ "እንዴት ያምራል! ማን ሠራው?" አለች።

"እኔ" አለች ሎርና ከወንበሯ። "ያበላሸው ደግሞ እሱ።"

በሕይወቴ ስንት ነገር ሆኛለሁ... ገበሬ፣ ባል፣ አባት። እንደ ዛሬ ግን ኮርቼ አላውቅም።

የላስቲክ ኳሱ መስኮቱ ላይ የለም። የካፖርቷ ኪስ ውስጥ አየሁት። እንዳላየሁ ሆንኩ።

ማታ ዴላ ደውላ "አያቴ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ያንን ጭራ ሆን ብለህ ነው የሰበርከው?" አለችኝ።

"ታዲያስ! ሁሉም በእቅድ ነው" አልኳት።

አንቺ ደብተር፣ ዝም በይ።