አይጦቹ ድነዋል

ይድረስ ለምወድህ ለታናሽ ወንድሜ፤

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ያመመህ ወገብህ ተሻለህ? ብርዱ በርትቷል ብለህ ነበር፤ ትደርባለህ ወይስ አሁንም በአንዲት ሹራብ ነው የምትንገላታው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ሥራው አላደከመህም? እኛ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ መጻፍ ልማድ ነውና ልጽፈው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

በስልክ መንገር ስትችል ወረቀት ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። በስልክማ ሞክሬ ነበር። ገና አፌን ስከፍት "አይዞሽ እህቴ፣ ዘንድሮ እኮ ሳይንስ የት ደርሷል" ብለህ ጀመርክና አንተው አውርተህ አንተው ዘጋኸው። ወረቀት ግን አይቋረጥም። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ልጇን ልትጠይቅ ወደ አንተ ከተማ ስለምትመጣ በእጇ ልኬልሃለሁ፤ ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ነገሩ የአባባ ዓይን ነው።

አባባ የምትልክለትን የድምፅ መልእክት ሁሉ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከፍ አድርጎ ያሰማል። የሚላጨው ሰው አገጩ በአረፋ ተሸፍኖ፣ ምላጩም ጉሮሮው ላይ ስለሆነ አይከራከርም። በዚህ ዓይነት ሰፈሩ በሙሉ አዲስ ፕላኔት መገኘቱን፣ የወለቀ ጥርስ እንደገና ሊበቅል መሆኑን፣ እርጅና በሽታ ነው መባሉን አውቋል። ጡረተኛው የሒሳብ መምህር "ጥርሱ ከመብቀሉ በፊት የሚታኘክ ነገር ቢገኝ ይሻለኝ ነበር" ብለው አባባን ሳምንት ሙሉ አስኮረፉት። "ፕሮፌሰሬ ነው ያለው" ይላል፣ አንተን ማለቱ ነው። ትልቅ ሆስፒታል ስለምትሠራ ግኝቱ ገና ሳይወጣ ጆሮህ የሚደርስ ይመስለዋል። አንተም አንድ ቀን እንኳ አላረምከውም።

የግራ ዓይኑ እንዴት እንደሄደ በቅጡ አልተነገረህም። የዓይን ሐኪሟ የዓይኑ ግፊት ነርቩን እየገደለው ስለሆነ ቶሎ ቀዶ ጥገና ይደረግለት ብላ ቀን ሰጠችን። የጠፋውን አይመልስም፣ የቀረውን ግን ያቆያል ብላ ደጋግማ አስረዳችን። በዋዜማው ያንተ መልእክት ደረሰ። የሞተ የዓይን ነርቭ በአንድ መርፌ ሊታደስ ነው፣ ቢላዋ ሊቀር ነው፣ ትንሽ ቢታገሥ ይሻለዋል ብለሃል። አባባ ያዘጋጀሁለትን ቦርሳ መልሶ አልጋ ሥር ከተተው። ብለምነው፣ ባለቤቴ ቢቆጣው፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ክረምቱ ሳይወጣ ግራው ጨለመ።

መልእክትህን ይዤ ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ከስልኳ ፈልጋ አነበበችውና መነጽሯን አወለቀች። "ዜናው ውሸት አይደለም፤ ግን የተሞከረው አይጥ ላይ ነው። ሰው ጋ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ ላይደርስም ይችላል" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የምትልከውን ሁሉ ልብ ብዬ እሰማለሁ። ስኳራቸው የጠፋላቸው አይጦች፣ ልባቸው የታደሰ አይጦች፣ አርጅተው ወጣት የሆኑ አይጦች። በዚህ ዓለም እንደ አይጥ የደላው የለም ወንድሜ። አባታችን ግን አይጥ አይደለም።

ሳይንስ ጠላች ብለህ እንዳትስቅብኝ። ያ የሐኪሟ ቢላዋም አንድ ጊዜ አዲስ ግኝት ነበር፤ ማን እንደሆነ የማላውቀው ሰው ዕድሜውን ፈጅቶበታል። አሁን አርጅቶ እኛ ድረስ ስለመጣ፣ ወረፋ ተይዞ የሚገኝ ነገር ስለሆነ፣ ዜና ብሎ የሚልከው የለም። ያለውን ንቀን የሌለውን እየጠበቅን ነው፤ አንጀቴን የሚያሳርረው ይኼ ነው።

በቀደም ምን ሆነ መሰለህ፣ አባባ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባለቤቴን ካፖርት "ተቀመጥ እንጂ፣ ተራህ ይደርሳል" አለው። መልስ ሲያጣ "ምነው፣ ተቀየምከኝ እንዴ?" ብሎ ጠየቀው። ፀጉሩን የሚቆረጠው ደንበኛ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና ዓይኑን ሰበረ። ደንበኞቹ ክፉዎች አይደሉም፤ "ፀጉሬ ገና ነው" እያሉ በሌላ መንገድ ማለፍ ጀምረዋል እንጂ። አባባ ደግሞ የሰው ፀጉር ማደግ ቀንሷል የሚል ጥናት ወጥቶ እንደሆነ ጠይቂልኝ ብሎኛል።

አሁን ቀኙም ጀምሮታል። ቀጠሮው በሚመጣው ወር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የሚተርፍ ነገር አይኖርም ብላለች ሐኪሟ። እሱ ግን "ልጄ ታገሥ ብሎኛል" ብሎ ቁጭ ብሏል። እኔ ስናገር ያልተማረች ነኝ፤ ሐኪሟ ስትናገር የሰፈር ሐኪም ናት። የሚሰማው ያንተን አፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ደውልለት። ሆስፒታሉ ውስጥ የምትሠራው ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንደሆነ ንገረው። አንሶላ ማጠብ ነውር የለውም፤ በላብህ ነው የምታድረው። ዜናውን አውቶቡስ ውስጥ ርዕሱን ብቻ እያነበብክ እንደምትልክለት ንገረው። "እኔ አላውቅም አባባ፣ የምታውቀው ሐኪሟ ናት፣ ግባና ተሠራ" በለው። እንደሚያሳፍርህ አውቃለሁ። ከቀጠሮው በፊት ሳትደውል ብትቀር ግን ወንድሜ ብዬ ሁለተኛ የምጽፍልህ አይመስለኝም።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ከዚያ በላይ እንድጨምር አልፈለገም። አክስታችን ስለ ጉልበቷ ምንም ግኝት እንዳትልክባት አደራ ብላ ትስምሃለች። ልጄ ዳይኖሰሮቹን መልሰው የሚፈጥሯቸው መቼ ነው ትልሃለች። ለእሷ የፈለግከውን ላክላት፣ እሷ ጊዜ አላት።

አባባ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ምላጩን ይስላል። "ይኼን ሁሉ ምን እያልሽው ነው?" አለኝ፤ "ሰላምታ ነው" አልኩት። "የእኔንም ጨምሪበት፣ በርታ በይልኝ" ብሎሃል። ዱሮ የምጽፈውን አጮልቆ ስለሚያነብብኝ በእጄ እየከለልኩ ነበር የምጽፈው። ይኼን ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፊቱ ዘርግቼ ነው የጻፍኩት።

እህትህ
ከአባባ ፀጉር ቤት
ማክሰኞ፣ ጥር 12 ቀን