ለሁሉም እኩል ሰዓት የሰጡት የቤተሰብ ሐኪም የሕይወት ታሪክ

ተማሪዎቻቸው ከኋላቸው «ዶክተር ጠርጥር» እያሉ የሚጠሯቸው ዶክተር፣ ከቁልፍ ሠሪው አባታቸውና ከጨርቅ ነጋዴዋ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በገዛ እጃቸው የሠሩትን ቁልፍ ደጋግመው ሳይሞክሩ ለባለቤቱ አያስረክቡም ነበር። እናታቸውም ሻጭ ሲምል አይሰሙም፤ ክሩን መዘው ነው የሚያዩት። እንግዲህ መጠርጠር ለዶክተር የዘር ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1965 ዓ.ም. ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ። መምህራኖቻቸው ቀዶ ጥገና እንዲማሩ ቢወተውቷቸውም «ሰውን አስተኝቼ ከምቀድደው፣ ነቅቶ ሲዋሸኝ ባዳምጠው ይሻለኛል» ብለው እምቢ አሉ። በጤና ጣቢያ ለዓመታት ከሠሩ በኋላም አያቱንም ሕፃኑንም፣ ጉንፋኑንም የልብ ሕመሙንም በአንድ ክፍል የሚያይ የቤተሰብ ሐኪም ለመሆን ተማሩ። ባልደረቦቻቸው «ሁሉን አውቃለሁ የሚል ምንም አያውቅም» እያሉ በጎሪጥ ያዩዋቸው ነበር።

በ1975 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው መምህርት ናቸው፤ የኮረጀውን ልጅ ከደብተሩ ሳይሆን ከፊቱ ያነባሉ። ጠርጣሪ ጠርጣሪን አግብቶ እንዴት ይኖራል ያለ ብዙ ነበር። እነሱ ግን ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው በፍቅር ኖረዋል።

ዶክተር ክሊኒክ በከፈቱ ሰሞን አንዲት አዲስ ሙሽራ ከአማቷ ጋር ለምርመራ መጣች። አማት ገብተው ቶሎ ወጡ። ሙሽራዋ ግን እንቅልፍ አልወስድ ብሏት ኖሮ ያንን ስትናገር፣ መሐል ላይም ስታለቅስ ቆየች። አማት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለው የግድግዳውን ሰዓት እያዩ «ጤነኛ ሰው እዚያ ውስጥ ይህን ያህል ምን ይሠራል?» አሉ። ሳምንት ሳይሞላ ሰፈሩ ሁሉ ልጅቷ መካን ናት ብሎ አወራ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እሷ ወሬውን የሰማችው ጓዟን ጠቅልላ ወደ እናቷ ቤት እንድትመለስ ሲነገራት ነው። ከዶክተር አፍ አንዲት ቃል አልወጣችም፤ ያልነበረ ሚስጥር ያወጣባት ሰዓቱ ነው። ይህ ነገር እስከ መጨረሻው ድረስ አንጀታቸውን ሲበላቸው ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ጣቱን የተቆረጠውም፣ ዕጢ የተገኘበትም ክፍላቸው ውስጥ እኩል ሰዓት ይቀመጥ ጀመር። ጉዳዩ ቶሎ ያለቀለት ጋዜጣ ያነባል፣ ያንቀላፋል፣ አለዚያም ልጁን ያማል። ሲወጣ ግን ኮሪደሩ ላይ የተቀመጠ ዘመድ ምንም ሊገምትበት አይችልም።

በ1990 ዓ.ም. ትልቁ ሆስፒታል የቤተሰብ ሐኪሞች ሥልጠና ሲከፍት እንዲመሩት ተጠሩ። ሦስት ሠልጣኞች ተሰጧቸው። ሠልጣኞቹ «ሰውዬው ጊዜ እየገደሉ ነው» ብለው ጠረጠሩ፤ ሁለቱ ወደ ሌላ ዘርፍ ኮበለሉና አንድ ዝምተኛ ልጅ ብቻ ቀረ። አስተዳደሩ ደግሞ በቀን የሚያዩት ታማሚ እጅግ ጥቂት ነው፣ ሥልጠናው ይዘጋ የሚል ሐሳብ አነሳ። ሥራ አስኪያጁም ነገሩን በዓይናቸው ለማየት ሳል ይዞኛል ብለው ገቡ። ሳሉ የውሸት መሆኑን ኮሪደር ላይ የነበረ ሁሉ ያውቃል። እንደ ማንም ሰው ሰዓታቸውን ጨርሰው ሲወጡ ግን ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እዚያ ውስጥ ምን እንደተናገሩ ዶክተር ለባለቤታቸው እንኳ ትንፍሽ አላሉም። የታወቀው ነገር ቢኖር፣ ሥራ አስኪያጁ በየወሩ መምጣታቸውና የመዘጋቱ ወሬ ከዚያ በኋላ አለመነሳቱ ነው። ዛሬ ዶክተር ያሠለጠኗቸው ሐኪሞች በየጤና ጣቢያው ይሠራሉ፤ ሥልጠናውንም የሚመራው ያ ዝምተኛ ልጅ ነው።

ዶክተር በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ መክሳት ሲጀምሩ የሄዱት ወደዚሁ ተማሪያቸው ነበር። ባለቤታቸው አብረው ሄደው ኮሪደሩ ላይ ሰዓቱን እያዩ ጠበቁ። ዶክተር እንደ ማንም ታማሚ በሰዓታቸው ወጡና «የጨጓራ ነገር ነው» አሉ። ባለቤታቸው በር ላይ የቆመውን ሐኪም ፊት ቢያዩ ቢያዩ ምንም አላገኙበትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን የሸጠላቸውን ፋርማሲስት በነገር ያዙት፤ የባላቸውን ትንፋሽ ሲያዳምጡ አደሩ። በመጨረሻም ሐኪሙ ዘንድ ሄደው «ለገዛ ባሌ ባዳ አደረጋችሁኝ» ብለው ተቆጡ። እሱም «እትዬ፣ ይህን ከእሳቸው ነው መስማት ያለብዎት» ከማለት በቀር አልተናገረም። ባለቤታቸው በዚህ ክፉኛ አዘኑበት፤ ሰላምታም ነሱት።

አንድ እሑድ ጠዋት ዶክተር ባለቤታቸውን ሳሎን አስቀምጠው በሩን ዘጉና ቆሽታቸው ላይ ካንሰር እንደተገኘ፣ ሐኪሙንም እንዳይናገር የከለከሉት እሳቸው መሆናቸውን ነገሯቸው። ልጆቻቸው ምሳ ሊበሉ ቢመጡም በሩ እንደተዘጋ ነበር፤ ሲመሽ ተከፈተ። ባለቤታቸው በማግስቱ ሐኪሙን ደውለው ይቅርታ ጠየቁት። የራሳቸውንም ጤና ከእሱ በቀር ለሌላ ሰው አላምንም አሉ።

ዶክተር ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመኖሪያ ቤታቸው፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል።

ባለቤታቸው ባለፈው ወር፣ ዶክተር አልጋ ላይ ሳሉ፣ እዚያው ሐኪም ዘንድ ገብተው ነበር። ልጆቻቸው ኮሪደሩ ላይ ጠበቋቸው። በሰዓታቸው ወጥተው «ደህና ነኝ» አሏቸው። ልጆቹም የሐኪሙን ፊት አዩ፤ ምንም አላገኙበትም።

ለማንም ታማሚ ጊዜ ያልሰሰቱትን የዶክተርን ነፍስ አምላክ በሰላም ያሳርፍልን። ለባለቤታቸው ጤናን፣ ለልጆቻቸውም እናታቸው ራሳቸው እስኪነግሯቸው የሚጠብቁበትን ትዕግሥት ይስጥልን።