የትኛው እኛ?

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5
ቴሬሬ ሻይ በበረዶ፣ ወሬ፣ ሥራ። የሒሳብ ጥያቄውን እኛ በስፓኒሽ እንጽፋለን፣ የትርጉም ማሽኑ ወደ አገራችን ቋንቋ ወደ ጓራኒ ይመልሰዋል፣ ተማሪዎቹ በኢንተርኔት ይሠሩታል። የጓራኒው አራሚ እኔ ነኝ... እኔ! ዛሬ ማሽኑ «የትኛው እኛ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለካ ጓራኒ ሁለት «እኛ» አለው፣ «ኛንዴ» እና «ኦሬ»። ልዩነታቸው ምንድን ነው? ቤታችን ጓራኒ ለስድብና ለቀልድ ብቻ ነበር። አለቃዬን ኦስማርን ልጠይቀው? አውቃለሁ ብዬ ተቀጥሬ? ለጆሮዬ የጣመኝን «ኛንዴ»ን መረጥኩ።

ረቡዕ፣ ኦገስት 13
ካአሳፓ ገጠር የሚያስተምሩት መምህርት ሂልዳ ደወሉ። ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ ማርታ ነኝ፣ ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ነኝ። ዐሥራ ሁለት ቺፓ ዳቦ አለ። እኛ እኩል ብንካፈል ለእያንዳንዳችን ስንት ይደርሳል? መልሱ አራት። ክፍሉ በሙሉ ሦስት ብሎ ቀይ ተሰመረበት።
«ኛንዴ ካልክ እኮ የምታነበዋም ልጅ አለችበት» አሉኝ። «ኦሬ ብትል ነበር ሰሚውን ትቶ ማርታና ወንድሞቿ ብቻ የሚሆኑት።»
ልጆቹ ራሳቸውንም ቆጠሩ። አራት ሰው፣ ሦስት ሦስት ዳቦ። ልክ ናቸው። ሊሲ የምትባል ተማሪ «ማርታ ነይ ብላ ጠርታ ዳቦውን ከለከለችኝ» ብላ አልቅሳለች። አሁን ማንም በጓራኒ መሥራት አይፈልግም፣ ስፓኒሹ ይሻለናል ብለዋል።
እኔስ ምን አልኩ? «ማሽኑ ተሳስቶ ነው።» ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 14
ኦስማር ማሽኑን ሲረግም ዋለ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ሰኞ፣ ኦገስት 18
ከዚህ በላይ አልቻልኩም፣ ለኦስማር ነገርኩት። ይቆጣል ስል ሳቀ። «አንተ ዴርሊስ፣ እኔም እኮ አላውቀውም። አንተን ተማምኜ ነው።» አብሬው ሳቅኩ። ሁለት የተማርን ሰዎች፣ በእናቶቻችን ቋንቋ ግን መሃይም!

ዓርብ፣ ኦገስት 22
ካአሳፓ ሄድኩ። ልጆቹ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የማሽኑ ሳይሆን የእኔ እንደሆነ፣ ሦስትም ልክ እንደሆነ ተናገርኩ። ሊሲ ትክ ብላ አየችኝ።
ስወጣ መምህርት ሂልዳን በጓራኒ ይቀጥሉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ወደ ልጆቹ ዞር ብለው አዩ።
«እንቀጥላለን» አሉኝ በጓራኒ። «ከእንግዲህ ግን ጥያቄውን የምናርመው እኛ ነን።»
«ኦሬ» ነው ያሉት። ማንንም ሳልጠይቅ ገባኝ።