በጥር ፀሐይ የጎርፍ ደወል የደወሉት መምህር ታፈረ ገብረ ኢየሱስ

መምህር ታፈረ ገብረ ኢየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ኢየሱስ ማሞ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ሥላሴ እሸቴ በ1932 ዓ.ም በስማዳ ተወለዱ። ሲወለዱ አላለቀሱም፤ ዙሪያቸውን ተመልክተው ዝም አሉ ይባላል። አዋላጇ በሕይወት ስለሌሉ የሚያስተባብል የለም።

ሌላው ሰው ሦስት ዓመት የሚደክምበትን ዳዊት በአንድ ክረምት ደገሙ። ዘመናዊ ትምህርት በደብረ ታቦር፣ የመምህርነት ሥልጠና በደብረ ብርሃን ተከታትለው በ1955 ዓ.ም ማስተማር ጀመሩ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ፣ የእኅታቸው ልጅ ደሴ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቻቸው አንዱና አንደኛ የወጣው ነው። የተፈተንነው ጥቂት ነበርን የሚሉ ምቀኞች አሉ።

በ1957 ዓ.ም ከወይዘሮ ተዋበች ጣሰው ጋር በቁርባን ተጋብተው ዳኘው ታፈረንና አልጣሽ ታፈረን ወለዱ። ከዚያም ከአርብ ገበያ በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቀበሌ ወደሚገኝ ትምህርት ቤት ተዛውረው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዚያው አገለገሉ። ከስማዳ እስከ እስቴ እርሳቸውን የማያውቅ ሰው ካለ፣ እርሱ ገና አልተወለደም። አለንጋ ይዘው አያውቁም፤ ዓይናቸው ይበቃ ነበር። ያስተማሯቸው ሰዎች ጠጉራቸው ሸብቶ እንኳ እርሳቸው ሲያልፉ ከመቀመጫቸው ብድግ ይላሉ።

ትምህርት ቤቱና መንደሩ በወንዝ የተለያዩ ናቸው። ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል ወንዙ ሳይታሰብ ሞልቶ ልጅ ይወስድ ነበር። ስለዚህ መምህር ታፈረ ከግቢው ዋንዛ ላይ እንደ ደወል በተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሕግ አወጡ። ሦስት ሦስት ጊዜ ከተመታ ኑ ነው። ሳያቋርጥ ከተመታ ጎርፍ ነው፤ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ። አንድ ጎበዝ ተማሪም ደወሉን እንደሰማ ወደ መሻገሪያው ወርዶ ገመድ ዘርግቶ ትንንሾቹን ይመልሳል። በ1980 ዓ.ም ይህ ኃላፊነት የልጃቸው የዳኘው ነበር፤ ዕድሜው ዐሥራ ስምንት ነው።

በዚያ ዓመት በጥር፣ ገና ተማሪ ሳይመጣ፣ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ትምህርት ቤቱን ከበቡ። ለውትድርና የደረሱትን ሊወስዱ ነበር። አለቃቸው ለስብሰባ ነው ብሎ ደወል እንዲደወል አዘዘ። መምህር ታፈረም ብረቱን አንሥተው ሳያቋርጡ መቱት። በሰማይ ላይ የእፍኝ ያህል ደመና የለም፤ ወንዙ ደርቆ ድንጋዩ ይታያል። ይሁን እንጂ በየመንገዱ የነበረው ተማሪ ሁሉ አንዱም ለምን ሳይል ወደ ኋላው ዞሮ ሮጠ። መምህር እንዲህ ነው የሚታመነው!

አለቃው ትዕግሥቱ አልቆ፣

“ጓድ መምህር፣ ይህን ሁሉ ምን ያስቀጠቅጥሃል?” አላቸው።

“ልጆቹ ሩቅ ናቸው፣ ጓድ። በደንብ ይስሙ እንጂ” አሉት።

በዚህ ጊዜ ዳኘው ገመዱን በትከሻው አድርጎ፣ አባቱ እንዳስተማሩት፣ ወደ መሻገሪያው ሲወርድ ታየ። ከታጣቂዎቹ ከፊሎቹ ከታች ከመሻገሪያው ነበሩ። አባት ከዋንዛው ሥር ሆነው አዩት። ቢያቆሙ የቀሩት ልጆች ይመጣሉ። አላቆሙም።

ዳኘው ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተወሰደ። የደወሉ ነገር በኋላ ሲታወቅ መምህር ታፈረ ታስረው ተገረፉ፤ ከዚያ ወዲህ ግራ እጃቸው አልታዘዘላቸውም።

በ1981 ዓ.ም የዳኘው ክፍል አለቀ የሚል ወሬ መጣ። ሽማግሌዎች ጎሕ ሲቀድ ሊያረዷቸው ከደጃቸው ቆሙ።

“መምህር፣ እግዜር ያጥናዎት። መርዶ ሲውል ሲያድር ይከብዳል” አሉ አባ ጥላዬ።

“አስከሬኑን ያየ ማን ነው?”

“ወሬ ነው እንጂ ያየስ የለም” አሉ አባ ጥላዬ።

“እንግዲያስ ግቡና ቁርስ ብሉ፤ ለቅሶ ግን የለም” አሏቸው። ድንኳን አልተተከለም፤ ተዝካርም አልወጣም።

በግንቦት 1983 ዓ.ም ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ ወደየአገሩ ሲተም፣ መምህር ታፈረ ንፋስ መውጫ ወጥተው ከመኪናው መንገድ ዳር ቆሙ። በዚያች ጥር በደወሉ የተመለሱት ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ከያሉበት ወጥተው አብረዋቸው ቆሙ፤ አንድ ሻለቃ ጦር ይሆናሉ ብል አላጋነንኩም። የሚያልፈውን ሁሉ “ዳኘው ታፈረን ታውቃለህ?” ይሉታል። ይግቡ ቢሏቸው መምህሩ እንቢ አሉ። የንፋስ መውጫ ብርድና የሰኔ ዝናብ ሳንባቸውን መታው። ተማሪዎቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ቤታቸው መለሷቸው፤ ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

መምህር ታፈረ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ተዋበች ጣሰውን፣ ልጃቸውን አልጣሽ ታፈረንና ልጃቸውን ዳኘው ታፈረን ትተው አልፈዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋግ አባቶች ጋር ይቁጠርልን፤ ቤታቸውንም ያጽናልን።

አልቃሾች ግን አደራ። በአገራችን ልማድ በአንዱ ሬሳ ላይ የሌላውም ሟች ስም ይነሣል። ወይዘሮ ተዋበች የዳኘው ስም በዛሬው ሙሾ እንዳይነሣ ከልክለዋል። ዛሬ የሚለቀሰው ለአባትየው ብቻ ነው።