በስሜ የመጣው ሣጥን

ውድ እየሩስ፣

የምጽፍልሽ ከአባቴ ሱቅ ነው። ከአቡጀዲው ጣቃ ጀርባ፣ ድሮ ተደብቀን ቆሎ ከምንቆረጥምበት ጥግ። ደባርቅ ዛሬም ጭጋግ ነው፤ ሰው በሩ ላይ ደርሶ ካልሳለ ማን እንደመጣ አይታወቅም። እየጻፍኩ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮዬ ከበር አይነሳም።

ከዚያ ቀን ልጀምር። ሌላ የምጀምርበት የለኝም።

ዳባት ላለ ደንበኛ ጨርቅ አድርሼ በሚኒባስ እየተመለስኩ ነበር። ሱቁ ውስጥ እናቴ ብቻዋን ነበረች። ስልክ ተደወለ። አንዲት የአገራችን ሴት ከሪያድ፣ የእኔን ስም ጠርታ፣ የሀናን ሙሐመድአወል ቤተሰቦች እንደሆንን ጠየቀቻት፤ ሀናን መሞቷን ነገረቻት። እናቴ ከየት እንደተደወለ እንኳ አልሰማችም። የታያት እኔ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ነው፣ ገደል ውስጥ። ስልኩን ጥላ ጮኸች።

ስደርስ ደጃችን በሰው ተሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ወደ አንዷ ጎረቤታችን ጠጋ ብዬ፣ «ማን ነው የሞተው?» አልኳት።

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «አንች» አለችኝ።

ከዚያ እናቴ አየችኝ። ይህን ነው ልነግርሽ የምፈራው። ሳቀች። እናቴን ጣይባን ታውቂያታለሽ፤ ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች። ያን ቀን አልሸፈነችም። አንገቴን ይዛ፣ ጉንጬን እየዳበሰች፣ አፏን ከፍታ ሳቀች። ሰዉም ሳቀ። አንዱ፣ «ሟቿ ደክሟታል፣ መቀመጫ ልቀቁላት እንጂ» አለ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩ ከወደቀበት ከባንኮኒው ሥር እንደገና ጮኸ። አባቴ ከመስጊድ እየሮጠ ደርሶ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ አነሳው። ቁጥሩን አየ፤ አዳመጠ። ወደ እኔ ቀና ሲል ፊቱ ላይ ያየሁት አንቺን ነው።

ደስታችን የቆየው ያን ያህል ነው። ግን ነበረ። አንቺ ሞተሽ እኛ ቤት ተስቋል።

ስሜን የጠየቅሽኝ እዚሁ ጥግ ነው። ደላላው የዐረብ አገር ጉዞ በእስላም ስም ከሆነ ቶሎ ይሳካል ብሎሽ ነበር፤ ብዙ ልጆች እንዲያ አድርገው ሄደዋል። በፓስፖርቱ ላይ ፎቶው ያንቺ፣ ስሙ የእኔ፣ አባቴም አባትሽ ሆነ። አባቴ ሲሰማ ጥቂት ቀን አኮረፈን። ከዚያ አንድ ማለዳ ሱቁን እየከፈተ፣ እንግዲህ ሁለት ሀናን አለኝ ማለት ነው አለ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።

መናኸሪያው ውስጥ ማዕተብሽን ከአንገትሽ ፈትተሽ መዳፌ ላይ አኖርሽው። «ስመለስ የምታስሪልኝ አንች ነሽ» አልሽኝ። እሺ አልኩ። እስላሟ ልጅ ማዕተብ ስታስር ታየኝና ሳቅሁ፤ አንቺ ግን አልሳቅሽም። በመርፌው ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኩት። እናቴ መርፌ በፈለገች ቁጥር በጣቷ ገለል ታደርገዋለች፤ አንድም ቀን ምንድን ነው አላለችኝም።

ልብ ነው አሉ። ተኝተሽ አልነቃሽም። አሠሪሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ ወግ እንዳይጎድልብሽ ብሎ በዚያው ሊቀብርሽ ተዘጋጅቷል። ሴቶች አጥበውሻል፣ ከፍነውሻል። የቀረው የአባትሽ ፈቃድ ብቻ ነበር። በወረቀቱ ላይ ደግሞ አባትሽ የእኔ አባት ነው። እሺ ካለ፣ እናትሽ በማትደርስበት አፈር፣ በስሜ ትቀበሪያለሽ።

አጎቴ ሙጃሂድ አባቴን እሺ በል አለው። ሬሳ ማዘግየት እንደማይወደድ፣ እውነቱም ቢወጣ ተጠያቂው እሱ እንደሚሆን ነገረው። አባቴ የተተረተረ አቡጀዲ መጠቅለል ያዘ። ጠቅልሎ ጨረሰ። ፈታው። እንደገና ጠቀለለው።

«ሟችን አታዘግዩ የተባልነው ከቤቱ ነው» አለ በመጨረሻ። «የእሷ ቤት ዳባት ነው።»

ስልኩን አንስቶ ደወለ። «ልጄ ናት። እናቷ ሳታያት አትቀበርም።»

አባቴ ሲዋሽ አይቼ አላውቅም። ያን ጊዜም መዋሸቱን እርግጠኛ አይደለሁም።

እናትሽ እስክትመጪ ድረስ አልተረዳችም። ወጉን ታውቂያለሽ፤ ሬሳ ሳይደርስ ለእናት መርዶ አይነገርም። እኛ ግን እናውቅ ነበር። ገበያው ሁሉ ያውቅ ነበር። እናትሽ እትዬ ዓለምዬ ብቻ ገብሷን ሸጣ እንደ ልማዷ ወደ ሱቃችን ብቅ አለች። ደውለሽ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኔትወርክ የለም አልኳት።

«እንግዲያው አንች አውሪኝ» አለች፤ «ስማችሁስ አንድ አይደል።» ሳቀች።

ምን እንዳወራኋት አላስታውስም። ስለ ዝናብ መሰለኝ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር፤ እትዬ ዓለምዬ ደጋግማ ብትጠራትም አልወጣችም። የፈራችው ማልቀሷን አልነበረም። ያ ሳቅ ፊቷ ላይ የቀረ ይመስላት ነበር።

ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ከአባቴ ጋር ጠበቅንሽ። ሠራተኛው ወረቀቱን አይቶ፣ «ሀናን ሙሐመድአወል» ብሎ ጠራ።

«አቤት» አልኩ።

ከአፌ ወጣ። ሰውየው ወረቀቱን አየ፤ እኔን አየ። አባቴ ክንዴን ይዞ፣ «እህቷ ናት፤ ደንግጣ ነው» አለ። ሣጥንሽ ከእኔ ቁመት ይረዝማል። ስሜ ክዳኑ ላይ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ ተለጥፏል። መንገዱን ሁሉ ያን ልጥፍ እያየሁ መጣሁ። አንዴ እጄን ዘርግቼ ልልጠው ነበር፤ ደግሞ ያለ ስም ትቀሪያለሽ ብዬ ፈራሁ።

ዳባት ስንገባ እናትሽ ተረድታለች። ቄስ ሕሩይ፣ የንስሐ አባታችሁ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ጎህ ሲቀድ ሄደው ነግረዋታል። ድምጿ በለቅሶ ተዘግቷል። ሣጥኑ ቤት ሲገባ አጎትሽ ገዱ ልጥፉን ፊደሉን ለሚያውቅ ሰው አስነበበ። ክፉ ሰው እንዳልሆነ ታውቂያለሽ፤ የፈራ ሰው ነበር።

«ይህ የእስላም ስም ነው፣ አባ» አለ ወደ ቄስ ሕሩይ ዞሮ። «ሣጥን ቢሳሳትስ? ማንን ልንቀብር ነው?»

ቄስ ሕሩይ እናትሽን አዩ። «ይከፈት» አለች፤ ሹክሹክታ ያህል ነው የተሰማው።

ወንዶቹ ውስጡን ያሸገውን ቆርቆሮ በመሮ ቀድደው ወጡ። ገዱና ቄስ ሕሩይ ከበሩ ወዲያ ቀሩ። ሴቶች ብቻ ቀረን፤ እኔም አልወጣሁም፤ ማንም ውጪ አላለኝም። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ካፉር። እኛ ቤት ሟች ሲታጠብ የሚሸተው። ሁሉም ወደ ኋላ ሲሉ እኔ ብቻ ሽታውን አወቅሁት። እናትሽ የፊትሽን ጨርቅ ገለጠች። አንቺ ነሽ። ትንሽ የተቆጣሽ ትመስያለሽ፤ ሰው ከእንቅልፍሽ ሲቀሰቅስሽ እንደምትሆኚው።

ለረጅም ጊዜ አየችሽ። ከዚያ ነጩን ጨርቅ፣ አጥፈው ያሰሩበትን ዳበሰች።

«ማን ነው የገነዛት?»

«ሴቶች ናቸው፣ እትዬ» አልኳት። «እንደ እኛ ወግ ነው። አጥበዋታል።»

«በቀዝቃዛ ነው በሙቅ?»

አላውቅም ነበር። «በለብታ ነው» አልኳት። በእኛ ቤት እንዲያ ነው።

ገዱ ከበሩ ወዲያ ሆኖ፣ ያ ይፈታና በእኛ ወግ ይገነዝ አለ። እናትሽ ራሷን ነቀነቀች።

«አይፈታም። እኔ በሌለሁበት ልጄን ያጠበ እጅ የእኔ እጅ ነው። ከላይ ደርቡበት።»

ቄስ ሕሩይ ከውጭ ሆነው ይደረብ አሉ። አባቴ ያን ሲጠቀልልና ሲፈታ የነበረውን አቡጀዲ ከሱቅ ይዞት መጥቷል፤ በበሩ ስንጥቅ አቀበለን። እዚያው ላይ ደረብነው። ከዚያ ማዕተቡን ከጉያዬ አወጣሁ። እናትሽ ክሩን ራሷ ፈትላው ስለነበር ወዲያው አወቀችው። ልሰጣት እጄን ዘረጋሁ። አልተቀበለችኝም።

«ለአንች ነው የሰጠችሽ። እሰሪላት።»

እጄን ከአንገትሽ ሥር አሳለፍኩ። ቋጠሮው ሁለት ጊዜ አመለጠኝ። ስታስሪ እያየሁ አድጌ እንዴት እንደሚታሰር ግን አስተውዬ አላውቅም። አሰርኩት። ጠብቆብሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ።

በክርስትና ስምሽ ተፈታሽ። አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ከጥዱ ሥር፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ቆመ።

ማታ ድንኳኑ ውስጥ እናቴ ከእናትሽ ጎን ተቀመጠች። ልታጽናናት የመጣች መስሎኝ ነበር። ጎንበስ ብላ፣ «ዓለምዬ፣ የእኔዋ በሕይወት ስትመጣ ሳቅሁ» አለቻት። «ያንችዋ መሞቷን ሳላውቅ ሳቅሁ። ካወቅሁ በኋላም ደስታው ቶሎ አልወጣልኝም።»

መሬት ውጪኝ አልኩ። እናትሽ ጋቢዋን ከትከሻዋ አንሥታ ግማሹን እናቴ ላይ ጣል አደረገችላት። ብርድ ነበር። ቆይታ፣ በዚያ በተዘጋ ድምጿ፣

«እኔም ብሆን እስቅ ነበር» አለች።

እየሩስ፣ ከዚህ በላይ የምነግርሽ የለኝም። በገበያው ቀን እናትሽ ትመጣለች፤ እኔ አወራታለሁ፤ አሁን እናቴም ከመጋረጃው ትወጣለች። ይህን እጠብቅልሻለሁ። ትናንት አንድ ሰው ከመንገዱ ማዶ ስሜን ጠራ። አቤት ከማለቴ በፊት ትንሽ ቆየሁ። ለካ ለዓመታት፣ በተጠራሁ ቁጥር፣ አንቺም የሆነ ቦታ ቀና ስትዪ ይሰማኝ ነበር።

ቀና ያልሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በሰላም እረፊ፣ እህቴ።

ሀናን፣
ከእንግዲህ ብቻዋን