ያሰርሻቸው ጠፍጣፋ ዓሦች

ልጄ ቤቲ፣ የኔ እናት፣

ከተለየሽን ሰባት ወር ሞላ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ ያበላሸሁትን ሳላስተካክል ለመጻፍ አፍሬ ነው።

ለለቅሶ እንግዳ ቤቱ ውስጥ ቦታ ሲለቀቅ ጠረጴዛሽን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለመመረቂያሽ የሳልሻቸውን የጠፍጣፋ ዓሦች ካርዶች በየቤተሰባቸው ለይተሽ በላስቲክ አስረሽ ነበር። ካርቶን ውስጥ እንዲገቡልኝ ፈታኋቸውና፣ ስፌት ቤት የተቆረጠ የዩኒፎርም ጨርቅ እንደማስቀምጠው፣ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ ደረደርኩ። ያሳመርኩ መስሎኝ ነበር። ስማቸውን ደግሞ ገና አልጻፍሽባቸውም ነበር።

ባለፈው ወር መምህርሽ መጥተው ለአዲስ ተማሪዎች ማስተማሪያ እንፈልጋቸዋለን አሉኝ። እንዳሉ ይስጡን፣ እኛ እንለያቸዋለን አሉ። እምቢ አልኳቸው። የፈታሁት እኔ ነኝ፣ የማስረውም እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት፣ ጌጃ ሰፈር ወደ ስፌት ቤቱ ከመውረዴ በፊት፣ ስለ ዓሦቹ የጻፍሽበትን ደብተር አነባለሁ። ቀስ ብዬ ነው የማነበው። ዓሣው ሲፈለፈል ዓይኖቹ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ሲያድግ አንደኛው ተጉዞ ከሌላው ጎን ይመጣና ዓሣው በአንድ ጎኑ ይተኛል። ዓይናቸው በግራ ጎን የሚሆን ቤተሰቦች አሉ፣ በቀኝ ጎን የሚሆንም አሉ። መጀመሪያ ስትነግሪኝ አታሹፊብኝ ብዬሽ ነበር። አንቺ ግን የምሰፋውን ኮት ከእጄ ወስደሽ፣ የኮት ግራ የለባሹ ግራ እንደሆነ ሁሉ የዓሣም ግራ የራሱ ነው፣ የሚያየው ሰው አይደለም አልሽኝ። አሁን ስለያቸው ያገዘኝ ያ ኮት ነው። ሆዱን ወደ ታች አድርጌ አፉ ወደ ግራዬ ካየ፣ ዓይኖቹ በግራ ጎኑ ናቸው።

አንዱ ግን አሳሳተኝ። ክንፉ ላይ ጥቁርና ብርቱካንማ መስመር ያለው። ዓይኖቹ በግራ ስለሆኑ ከግራዎቹ ጋር አሰርኩት። ሦስት ቀን ቆይቼ ደብተርሽ ላይ አገኘሁት፤ ይሄኛው ብዙ ጊዜ ዓይኑ ወደ ግራ ቢዞርም ቤተሰቡ ቀኞቹ ናቸው፣ በዓይን ብቻ አይለይም ብለሻል። እንደገና ፈትቼ ወደ ወገኖቹ መለስኩት። ያን ቀን ስፌት አልሄድኩም።

አልጋሽ እንዳለ ነው። ጠረጴዛሽን ወደ መስኮቱ መልሼዋለሁ።

ሐሙስ ከልደታ ታክሲ ይዤ ካርዶቹን ራሴ አደርሳለሁ። መምህርሽን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ተማሪዎቹ አይተው ሲጨርሱ እንደነበሩ እንዲያስሯቸው። ከተቀላቀሉባቸው እኔን ይጥሩኝ። እያንዳንዱን የት እንዳደረግሽው አውቃለሁ፣ እስክንገናኝም አልረሳውም።

እናትሽ