ፍሪጁ ላይ ያለው ሰማያዊ ጽሑፍ

የኔ ጌታ፣ መውጫ መግቢያህን ፈጣሪ ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ከነአመሉ አለ።

እህትህ ለቤቱ ፕሮግራም ካላወጣሁ ብላለች። መጀመሪያ ደብተር ገዛች፤ ልጆቹ ሥዕል ሣሉበት። ቀጥላ በስልክ እናድርገው አለች፤ ባሏ ጩኸቱ ሲሰለቸው ድምፁን ዘጋው። አሁን ፍሪጁ ላይ ነጭ ሰሌዳ ለጥፋ ለየሰዉ ቀለም አድላለች። ለባሏ አረንጓዴ፣ ለልጆቹ ቀይ፣ ለእኔ ጥቁር። ነገሩ አላማረኝም። ጥርሴን መቼ እንደምነቀል ለመጣው ሁሉ ለምን ይነገራል? ቧንቧ ሠሪው እንኳ ቆሞ ሲያነበኝ ነበር!

ደግሞ አንድ ሰማያዊ ጽሑፍ አለ። የማን ነው ብላት "ተይው እማዬ" አለችኝ። እኔ ተይው ሲሉኝ ይብስብኛል። ትናንት እሷ ስትወጣ መነጽሬን አድርጌ ተጠጋሁ። እሁድ ከሚለው ሥር "ወንድሜን፦ እማዬ ጋ እንዲደውል ማስታወስ" ይላል። ሌላውን በየሳምንቱ ታጠፋዋለች፤ ይህን ግን አትነካውም።

እኔ ደግሞ ለጎረቤቴ "ልጄ እሁድን አይረሳኝም" እያልኩ አፌን ሞልቼ ሳወራ ከርሜአለሁ።

አልተቀየምኩም። ማየቴንም ለእህትህ እንዳትነግራት። በሄድክበት ይቅናህ፣ ክፉ አይንካህ። ብቻ አንድ ቀን ማክሰኞ ደውልልኝ። ማክሰኞ ሥር ምንም አልተጻፈም።

እናትህ